ወደ ቱርካና ለአገልግሎት ልንላክ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት አሳለፋችኋቸው?

ጠያቂ፦ ነርስ ከጅማ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

በጅማ ከተማ የምኖር የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ስሆን፣ ላለፉት አራት ዓመታት በአንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ሠርቻለሁ። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ብዙ ከጸለየችና ከመከረች በኋላ አራት ሰዎችን ለሦስት ወር ወደ ሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ ወደ ቱርካና ምድር ለመላክ ወስናለች፤ ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ። ለጉዞው ሁለት ወር ያህል ይቀረናል። ከዚህ በፊት ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ስለ ወንጌል ስርጭት፣ ስለ ምስክርነትና ስለ ደቀ መዝሙርነት በቂ ሥልጠና ወስደናል፤ ነገር ግን ከመኪና ወርደን ሻንጣችንን ካስቀመጥንበት ሰዓት ጀምሮ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሰው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚሰማውና በምን እንደሚሳሳት የነገረን የለም። በዋናነት የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

በተለይ የሚያስጨንቁኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቋንቋ ሲሆን፣ ከአማርኛና ከአፋን ኦሮሞ ሌላ ያለኝ በትምህርት ቤት የተማርኩት እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሙያዬ ነው፤ የታመመ ሰው ፊቴ ቆሞ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስለማልችል፣ መድኃኒትና የቁስል ማጠቢያ ዕቃ ይዤ ልሂድ ብዬ ማሰባሰብ ጀምሬአለሁ።

አንድ ሌላ ጉዳይም አለ። እንደ እናቴ የማያቸው ሙስሊም ጎረቤታችን የምሄድበትን ምክንያት በሰሙ ጊዜ፣ «ልጄ፣ እዚህ ጅማ የታመመና የተቸገረ ጠፍቶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። የምመልሰው አጥቼ ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ፤ ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በውጭ አገር ያገለገላችሁ ካላችሁ፣ ያያችሁትን ሳታሳምሩ ብትጽፉልኝ ትጠቅሙኛላችሁ።

መልስ፦ የአወቱ ዳር

ወንድሜ፣ እኔም የጅማ ልጅ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ከጥር ወር ጀምሮ ለስምንት ወር ከሎድዋር ከተማ ወጣ ባለ አንድ መንደር አገልግያለሁ። ሳታሳምሩ ጻፉ ስላልክ፣ እንደሆነው እጽፍልሃለሁ።

መጀመሪያ የሚፈትንህ ሰውነትህ ነው። እኛ ያደግነው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዝናብ በማይለየውና ዓይን ባረፈበት ሁሉ አረንጓዴ በሚታይበት አገር ነው፤ ሎድዋር ግን ከፍታዋ 500 ሜትር ገደማ የሆነ ደረቅ ምድር ላይ ያለች ሲሆን፣ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ረፋዱ ካለፈ በኋላ ማንበብም ሆነ መጸለይ አቃተኝ፤ ይህንንም የመንፈስ መድከም ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ሰነበትኩ። ያስተናገደን የአካባቢው ወንጌላዊ ሁኔታዬን አይቶ፣ ውኃ በብዛት እንድጠጣ፣ በቀትር እንደ አገሩ ሰው ጥላ ሥር እንዳርፍ፣ ሥራዬን በማለዳና በምሽት እንዳደርግ መከረኝ። ምክሩን ከሰማሁ በኋላ ጸሎቴም ተመለሰልኝ።

ስለ ቋንቋ የጠየቅኸው ትክክለኛ ስጋት ነው። በከተማና በገበያ ስዋሂሊ ይሠራልሃል፤ ደግሞም ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ በመሆኑ፣ «ሳ ሞጃ» ሲሉህ የእኛው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ከሌላ አህጉር የመጡ አገልጋዮች በቀጠሮ ሲደናገሩ እኔ በዚህ አንድም ቀን አልተቸገርኩም። ከከተማ ስትወጣ ግን እናቶችና ሽማግሌዎች የሚናገሩት የቱርካናን ቋንቋ ብቻ ነው። ከመሄድህ በፊት ሌላው ቢቀር «ኤጆካ» የሚለውን ሰላምታ ለምድ፤ ሰላምታውን በአፋቸው የሚመልስ እንግዳ ፊቱ ሳይታይ በድምፁ ይወደዳል።

እኔ አሥራ ሁለት ስብከት ጽፌ ነበር የሄድኩት። በመጀመሪያው እሑድ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ስለ ግንዱና ስለ ቅርንጫፎቹ ስናገር፣ ምሳሌ ያደረግኩት የምናውቀውን የቡና ጉንደላ ነበር፤ ያረጀ ቡና ሲጎነደል ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ አቆጥቁጦ እንዴት መልሶ እንደሚያፈራ በሰፊው አብራራሁ። እኔ በእንግሊዝኛ ስናገር ወደ ቋንቋቸው የሚተረጉምልኝ ወንድም መሐል ላይ ዝም አለ። ከተቀመጡት መካከል የቡና ዛፍ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። በሁለተኛው እሑድ፣ አርብቶ አደሮች ስለሆኑ ይህስ ይገባቸዋል ብዬ ከሉቃስ ምዕራፍ 15 ስለ ጠፋችው በግ ሰበክኩ። ከጉባኤው በኋላ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝና፣ እረኛው ዘጠና ዘጠኙን በምድረ በዳ ትቶ ሲሄድ ማን ጠበቃቸው፣ ዘራፊ ቢመጣስ ምን ሊሆኑ ነው ብለው ጠየቁኝ። እርሳቸው በከብት ዘረፋ ልጃቸውን ያጡ ሰው ነበሩ። ያን ክፍል ከሕፃንነቴ ጀምሮ አነበዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን ዘጠና ዘጠኙ አሳስበውኝ አያውቁም። መልስ እንደሌለኝ ነገርኳቸው። እርሳቸውም የሚቀመጡባትን ኤኪቾሎንግ፣ ማለትም ሲቀመጡ በርጩማ ሲተኙ ደግሞ ትራስ የምትሆነውን ትንሽ እንጨት፣ ወደ እኔ ገፋ አድርገው እንድቀመጥ ጋበዙኝና እረኝነት ምን እንደሆነ እስኪመሽ ድረስ አስተማሩኝ።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን አሥር ስብከቶች ሻንጣዬ ውስጥ መለስኳቸው። ለስድስት ሳምንት ያህል መድረክ ላይ አልወጣሁም። ጠዋት ጠዋት ከልጆች ጋር ፍየል እከተል ነበር፤ ሴቶች በደረቀው ወንዝ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ሲቀዱ ጄሪካን ተሸክሜ እመልስ ነበር፤ ማታ ማታ የሰማሁትን ቃል በደብተር እጽፍ ነበር። ለላከችኝ አጥቢያ በየሳምንቱ ሪፖርት መላክ ስለነበረብኝ፣ «በዚህ ሳምንት ምን ሠራህ?» ለሚለው ጥያቄ የምጽፈው ማጣቴ እጅግ አሳፍሮኝ ነበር። አሁን ሳስበው በስምንቱ ወር ከሠራሁት ሁሉ በኋላ የቆየልኝ ያ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ሰዎች የነገርኳቸውን የሰሙኝ በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ስላወቁኝ ነበር።

ሁለት ነገሮች ልጨምርልህ። ያን ጊዜ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች የከሸፉበት የአፍሪካ ቀንድ ድርቅ መሐል ነበርን፤ በየመንገዱ የሞተ ፍየል ይታይ ነበር። በደረስን በአሥረኛው ቀን አንዲት እናት ከቀሩላት ጥቂት ፍየሎች አንዱን ልታርድልን አስመጣች። እኔ በአዘኔታ፣ «ለልጆችሽ ይሁን፣ እኛ አንበላም» ብዬ አስቆምኳት። ወንጌላዊው በኋላ ለብቻዬ ወስዶ፣ ድህነቷን በመንደሩ ፊት እንዳወጅኩባት አስረዳኝ። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ፍየሉ ታረደ፤ ከልጆቿ ጋር ተቀምጠን በላን። እንጀራ የቀረበለት እንግዳ እምቢ ሲል ያቀረበችው ሴት ምን እንደሚሰማት በአገሬ አውቅ ነበር፤ እዚያ ሄጄ ግን ረሳሁት።

ሁለተኛው የውኃው ነገር ነው። የእግዚአብሔር ስም በቋንቋቸው «አኩጅ» ሲሆን፣ ስሙ ከሰማይና ከዝናብ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ስለዚህ የጸሎት ሰው ነኝ ካልክ መጀመሪያ የምትጠየቀው ዝናብ እንድትለምን ነው። እኔ ያደግኩት የተሰጣ ቡና እንዳይበላሽ ዝናቡ ያቁምልን ተብሎ በሚጸለይበት ቤት ነው። ጸለይኩ፤ በዚያ ወር አልዘነበም። ማንም አልወቀሰኝም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም መጥተው አብረን እንድንጸልይ ጠየቁኝ። ሌላ ቀን ደግሞ በቱርካና ሐይቅ ዳር አንድ ዓሣ አጥማጅ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ፣ «ውኃችንን የገደባችሁት እናንተ ናችሁ?» አለኝ። ሐይቁ ከሚገባለት ውኃ አብዛኛውን የሚያገኘው ከኦሞ ወንዝ መሆኑን፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብም በዚሁ ወንዝ ላይ መሠራቱን አውቃለሁ። አወቱ በከተማችን መሐል አልፎ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ግልገል ጊቤ ወደ ጊቤ፣ ጊቤም ወደ ኦሞ እንደሚወርድ በትምህርት ቤት ተምሬ ነበር፤ መጨረሻው ላይ መረቡን ይዞ የቆመ ሰው እንዳለ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ለመንግሥት ጥብቅና አልቆምኩም፤ አገሬንም አልረገምኩም። በልጅነቴ ልብሴን ያጠብኩበት ውኃ ወደ እርሱ እንደሚመጣ ነገርኩትና ስለ ሐይቁ የሚያውቀውን እንዲነግረኝ ለመንኩት። አንተም ይህ ጥያቄ ሊቀርብልህ ይችላልና ሳትቆጣ የምትሰማበትን ልብ አዘጋጅ።

መልስ፦ እህት ከፈረንጅ አራዳ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በ2010 ዓ.ም. ሦስት ወር በደቡብ ሱዳን በጁባ ከተማ አገልግያለሁ፤ ከአገራችን ከሁለት አጥቢያዎች የተውጣጣን አምስት ነበርን።

ከላይ ወንድማችን ያላነሣውን ልናገር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያከበደብን ሙቀቱም ቋንቋውም ሳይሆን እርስ በርሳችን ነበርን። በአገራችን በሳምንት አንድ ቀን ለጸሎት ስንገናኝ የምንዋደድ ሰዎች፣ በአንድ ክፍል ስንተኛና ከአንድ ድስት ስንበላ ማን ያበስላል፣ ማን ያጥባል፣ የስልክ ካርድ በማን ገንዘብ ይገዛል በሚል በሦስተኛው ሳምንት ተኮራረፍን። ሦስት ወንዶች ስለነበሩ ምግብ ማብሰሉ ሳይነገር በእኔና በሌላዋ እህት ላይ ወደቀ፤ ከጉባኤ ስንመለስ እነርሱ ስለ አገልግሎቱ ይወያያሉ፣ እኛ ከሰል እናያይዛለን። ይህ ከመነሻው በግልጽ ተነጋግረን ልንወስነው የሚገባ ነገር ነበር። እናንተ አራታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት አብራችሁ ብትኖሩ፣ ብታበስሉና ገንዘብ ብትይዙ መልካም ይመስለኛል።

ደግሞም ወደማላውቀው ሕዝብ የሄድኩ መስሎኝ ነበር። በአንድ የሴቶች ጸሎት ላይ የጁባ ዐረብኛ የሚያስተረጉምልኝ ስፈልግ፣ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው በአማርኛ «ልጄ፣ ደኅና ነሽ?» አሉኝ። በስደት ዘመናቸው ጋምቤላ፣ ኢታንግ በነበረው የስደተኞች ካምፕ ኖረው፣ ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ካምፑ ሲበተን በእግራቸው ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። ሁለት ልጆች የወለዱት በእኛ አገር ነው፤ አንዱን የቀበሩትም በእኛ አገር ነው። ያን ቀን ላካፍል ያዘጋጀሁትን ትቼ እርሳቸውን ስሰማ ዋልኩ። ከሁሉ ይልቅ በኩራት ያስታወሱት አንዲት የኢታንግ ሴት ያዋሰቻቸውን ምጣድ ነው።

ስለ ጎረቤትህ ጥያቄ፦ እናትየዋ የጠየቁህ ጥያቄ መልስ የሚገባው ነው፤ በቃል ብቻ ግን አይመለስም። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከዳውሮና ከኢሉባቦር ለሕክምና ወደ ጅማ የሚመጡ ሰዎች ስንት እንደሆኑ ነርስ ስለሆንክ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። ሕመምተኛው አልጋ ሲያገኝ አስታማሚው ብዙ ጊዜ ማደሪያም ምግብም የለውም። ለጉዞው በቀሩት ሁለት ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ለአስታማሚዎች ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቋንቋቸውን የማታውቁት ሰው ሲያጋጥማችሁም ዝም ብላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ከተቻለ ጎረቤትህንም አብረውህ እንዲያበስሉ ጠይቃቸው። እኔ ከጁባ ከተመለስኩ በኋላ ነው የጀመርኩት፤ ሳልሄድ በጀመርኩት ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ።

መልስ፦ የአንድ አጥቢያ ሽማግሌ

ልጄ፣ ጌታ መንገድህን ያቅና። በአጥቢያችን የተልዕኮ ጉዳይ ከሚመለከታቸው ሽማግሌዎች አንዱ ነኝ፤ ብዙዎችን ልከናል፤ በላክናቸውም ላይ የደረሰውን አይተናል። ሁለቱ ከላይ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ እኔ የምናገረው ጠንከር ስለሚል ከፍቅር እንደሆነ ቁጠርልኝ።

የሰበሰብከውን መድኃኒት እዚሁ ተወው። በኬንያ ከውጭ የመጣ የጤና ባለሙያ ከአገሪቱ ፈቃድ ሰጪ አካል ፈቃድ ሳያገኝ ማከም አይችልም፤ መድኃኒት ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገርም በሕግ ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖር እንኳ አስብበት፦ ሦስት ወር አክመህ ስትመለስ የጀመርከውን የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ማን ይቀጥለዋል? አንተ ጅማ ላይ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ያለ ካርድና ያለ ምርመራ መድኃኒት ሲያድል ብታይ ዝም ትላለህ? እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ አላልኩም። በአካባቢው ያለውን ጤና ተቋም ፈልግ፣ ራስህን አስተዋውቅ፣ በሽተኛ ሲያጋጥምህ አብረኸው እስከዚያ ድረስ ሂድ፤ እጅ መታጠብን፣ የወላዶችን የአደጋ ምልክቶችና ውኃ ማከምን ማስተማር ቢፈቅዱልህ አስተምር። ጽሕፈት ቤታችሁም ፈቃድ ማግኘት የሚቻል ከሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ስለ ፎቶግራፍም ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ከላክናቸው ቡድኖች አንዱ የአንድ የታመመ ሕፃን ፎቶ አንሥቶ መጣ፤ እኛም በእሑድ ጉባኤ በትልቅ ስክሪን አሳየነው፤ ሰው አለቀሰ፤ ገንዘብም ተሰበሰበ። ፎቶው በፌስቡክ ተለጥፎ ስለነበር የሕፃኑ አባት ዘንድ ደረሰ። አባትየው ለአስተናጋጁ ቤተ ክርስቲያን የላከው ቃል አንድ ነበር፤ «ልጄን ማን አስፈቅዶ ለመነበት?» የሚል። ያንን ስክሪን ላይ እንዲወጣ ከፈቀዱት አንዱ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ያልፈቀደው የሕፃን ወይም የሕመምተኛ ምስል በጉባኤያችን አይታይም።

የቋንቋ ፍርሃትህን በተመለከተ፣ የራሳችንን ሰው አስብ። በኢሉባቦር የተወለደውና በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ወደ ሕዝቡ ለመመለስ ያደረጋቸው ሙከራዎች ሲከሽፉ ዓመታቱን በቋንቋ ሥራ ላይ አዋላቸው፤ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮሞኛ መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ደግሞም አንተ የምትሄደው አገልጋይ ወደሌለበት ምድር አይደለም። በወላይታ የሆነውን አባቶች ይነግሩናል፦ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ወደዚያ ደርሰው ለዘጠኝ ዓመት ያህል ከደከሙ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ፤ ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ግን ቁጥሩ ወደ አሥር ሺህ ደርሶ እንደጠበቃቸው ይነገራል። በእነዚያ ዓመታት ቤት ለቤት የዞሩት፣ የታሰሩትና የተገረፉት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ቱርካና ውስጥም ወንጌላዊው አለ፣ ጉባኤው አለ። ስለዚህ በደረስክበት ቀን የዚያን ወንጌላዊ ሥልጣን ተቀበል፤ ሳትጠይቀው ገንዘብ ለማንም አትስጥ፣ ትምህርት ቤት ወይም ጉድጓድ እናሠራለን ብለህ ለማንም ቃል አትግባ። አንተ ቃል ገብተህ ስትመለስ፣ በየቀኑ የሚጠየቀው እዚያው የሚቀረው እርሱ ነው።

ጠያቂ፦ ነርስ ከጅማ

ጋሼ፣ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን መልስ መጀመሪያ ሳነብ ደስ አላለኝም፤ ሌሊቱን ሳስብበት ግን መድኃኒቱን ልይዝ የፈለግኩት ለሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን፣ ሥራ ፈትቼ እንዳልታይ ፈርቼም እንደሆነ ገባኝ። የሰበሰብኩትን ለሰጡኝ ሰዎች እመልሳለሁ። ስለ ፈቃዱም ጽሕፈት ቤታችን ከሚያስተናግደን ቤተ ክርስቲያን ጋር እንዲጻጻፍ ትናንት ጠይቄአለሁ።

እህቴ፣ ጎረቤታችንን ቅዳሜ አብረውኝ ያበስሉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ወዲያው መልስ አልሰጡኝም፤ ለስንት ሰው እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። ለሃያ ሰው ስላቸው፣ «ያንተ ድስት ትንሽ ነው» ብለው የራሳቸውን ትልቁን ድስት አወጡ።

ወንድሜ የአወቱ ዳር፣ ሁለት ትናንሽ ጥያቄዎች ቀሩኝ። ለሽማግሌዎች ስጦታ ይዞ መሄድ ይገባል ወይ? ከገንዘብና ከጤና አንጻርስ አሁኑኑ ልጀምረው የሚገባኝ ምንድን ነው?

መልስ፦ የአወቱ ዳር

ሽማግሌዎች ትንባሆ ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ በመካከላቸው የተከበረ ስጦታ ነው። እኔ እምነቴ እንደማይፈቅድልኝ በአክብሮት ነግሬ ስኳርና ሻይ ቅጠል እሰጥ ነበር፤ ማንም አልተቀየመኝም። እርሱንም ከሎድዋር ገበያ ግዛው እንጂ ከዚህ አትሸከም።

ብርህን እዚያ የሚመነዝርልህ ስለማታገኝ የምትፈልገውን ከመነሣትህ በፊት በሕጋዊ መንገድ ወደ ዶላር ቀይር፤ ኬንያ ስትደርስ የአገሩን ሲም ካርድ አውጥተህ ኤምፔሳ አስከፍት፣ በትንሽ ሱቅ እንኳ የሚከፈለው በእርሱ ነው። አጎበር ያዝ። ከሁሉ በፊት ግን የቢጫ ወባ ክትባት ውሰድ፤ የምስክር ወረቀቱ የሚሠራው ከተከተብክ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ለጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀር ብትከተብ ድንበር ላይ ሊያቆሙህ ይችላሉ። ከቡድናችን አንዱ በዚሁ ምክንያት ሞያሌ ላይ ቀርቶ፣ እኛ ከገባን ከስድስት ቀን በኋላ ነው የደረሰብን። ቢጫዋን ካርድ ከፓስፖርትህ ጋር በአንድ ላይ አስቀምጣት።